አስፋልት ላይ የምትዝለው ፒካፕ

አንድ ሰው ነበረ፤ ያረጀች ፒካፕ ነበረችው።

ትርሲት፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «ክፍል ውስጥ የምመልሰው ሁሉ ትልቁ ፈተና ላይ ለምን ይጠፋብኛል? አክስቴ እንደምትለው አቅሜ እዚህ ድረስ ነው?» ነው ያልሽኝ። ዘንድሮም ከወደቅሽ ትምህርቱ ቀርቶ ሱቅ እንደምትገቢም ነግረሽኛል። መልስሽ ያቺ ፒካፕ ውስጥ አለ። ጥቂት ታገሺኝ፤ ጊዜሽን አላባክነውም።

ሰውየው ማር ነጋዴ ነበር። ከገጠር ማር ሰብስቦ ወደ ከተማ ያወርዳል፤ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዚያች መኪና ነው። መኪናዋ በመንደሩ ኮረኮንች ላይ ጭነቷን ይዛ እንደ ጉድ ትሄዳለች። አስፋልት ወጥታ ፍጥነት ስትጨምር ግን ጥቂት እንደሄደች ጉልበቷ ይከዳታል። ነዳጅ ቢረግጥላት፣ ማርሽ ቢቀንስላት፣ እየተንገጫገጨች ትዝላለች። ዳር አቁሞ ሲያሳርፋት ተነስታ ትሄዳለች፤ ከዚያ እንደገና ያው።

መንደሩ ሁሉ አንድ ቃል ያዘ፦ ሞተሩ አርጅቷል። መካኒኩም ፊልትሮዎቹን ቀይሮ ለውጥ ሲያጣ ያንኑ ደገመ። የሚስቱ ወንድም ደግሞ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው አፈላለገ። ሰውየው «አልሸጥም» ብሎ ከረመ። በመጨረሻ ሚስቱም ስትለምነው ተሸነፈና ከወንድሟ ጋር ሆኖ መኪናዋን ወደ ብረት ገዢው ይዞ ወጣ።

አስፋልቱ መሃል እንደ ልማዷ ዛለች። ዳር ያዙ።

«አላልኩም?» አለ የሚስቱ ወንድም። «ለመታረድ እንኳ በእግሯ መድረስ አቃታት።»

«ዝም በል፤ እያሰብኩ ነው።»

«ምን ይታሰባል ጋሼ? ያረጀ በሬ ነች።»

«ያረጀ በሬ ቀስ ብሎ ቢሄድም ያለከልካል። ይህች በዝግታ ስትሄድ አታለከልክም። ደግሞ እርጅና በአንድ እረፍት ይለቃል እንዴ? ቢለቅማ አባትህን በየቀኑ እያስተኛን ጎረምሳ እናደርጋቸው ነበር።»

እዚህ ላይ ልብ በይ፣ ትርሲት። ሰውየው መካኒክ አይደለም። የሰው ፍርድ አልዋጥለት ስላለ፣ መኪናዋ ራሷ የምታሳየውን ተከተለ እንጂ ሌላ ያደረገው የለም። ብዙ ስትጠየቅ ትዝላለች፤ ስታርፍ ይመለስላታል። እንግዲያው ጉልበቱ አለ ማለት ነው፤ አንድ ነገር ግን በጊዜ አይደርሳትም።

የሚስቱ ወንድም ሳቀና የውሃ ሃይላንዱን አፉ ላይ ደገነ። ከንፈሩን ሳያላቅቅ ሲስበው ፕላስቲኩ ተጨማደደ፤ ውሃውም መምጣት አቆመ። ሲያላቅቀው አየር ገባና ፕላስቲኩ «ጧ» ብሎ ተነፋ።

ሰውየው ፕላስቲኩን አየ። ከዚያ ወደ ነዳጅ ታንኩ ሄደ።

የታንኩ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል። አፉን በፌስታል ሸፍኖ በከመነዳሪ ጎማ ጥፍር አድርጎ ያሰረው ራሱ ነበር። የማር ሰው ነዋ፤ የጠጅ ጋን ሲታፈን እያየ ነው ያደገው። «አፉ ያልታፈነ ጋን ባለቤቱን ያዋርዳል» ስትለው የኖረች እናት ነበረችው። የጠፋው ክዳን ግን መተንፈሻ ነበረው። እሱ ይህን አላወቀም።

ፌስታሉን ያሰረበትን ጎማ ፈታው። ታንኩ «ፉስስስ» ብሎ አየር ሳበ፤ ታፍኖ እንደቆየ ሰው ረጅም ትንፋሽ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ የሚስቱ ወንድም።

«አፍኛት ኖሬ ነው» አለ ሰውየው። «ናፍጣው እንዲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። በዝግታ ስትሄድ ጥቂት ስለሆነ የምትጠጣው፣ ሾልኮ የሚገባው ይበቃታል። ስትሮጥ ግን ትታነቃለች።»

ፌስታሉን አነሳና አየር የሚያስገባ ንጹህ ጨርቅ ላላ አድርጎ አሰረበት። ተነሱ። ነዳጁን ረገጠው። ሁልጊዜ የምትዝልበት ቦታ መጣ፤ አለፈ። የብረት ገዢውም በር መጣ። ብረት ገዢው ደጁ ላይ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ፣ ሰውየው ጥሩምባውን ነፋለትና ሳይቀንስ አለፈው።

«ጋሼ፣ በሩን እኮ አለፍነው።»

«አይቼዋለሁ» አለ ሰውየው፤ ማርሹንም ጨመረ።

ትርሲት፣ ያቺ መኪና አንቺ ነሽ። አክስትሽ ፈተና ደረሰ ብላ መረብ ኳሱን ከለከለችሽ፣ ጓደኞችሽን ከበር መለሰች፣ ከመጽሐፍ ቀና ስትይ ትቆጣለች። በክፋት አይደለም፤ ሰውየውም ያፈናት ነዳጁ እንዳይፈስበት ብሎ ነው። ለክፍል ጥያቄ ሾልኮ የሚገባው ትንፋሽ ይበቃሻል። ትልቁ ፈተና ግን ብዙ ይስባል፤ የሚገባልሽ ከሌለ ያነበብሽው እዚያው ውስጥሽ ይቀራል። «አቅሟ ይኸው ነው» ሲሉሽ አንገትሽን አትድፊ። አፉ ታስሮ የተለካ አቅም አልተለካም።

ስለዚህ ዛሬ ፀሐይ በረድ ሲል መጽሐፉን ክደኚና ሜዳ ውረጂ። አክስትሽ ከተቆጣችሽ ይህችን ታሪክ ንገሪያት፤ ካልሰማችሽም ውረጂ። ላብ በላብ እስክትሆኚ ተጫወቺ፤ ከዚያ ተመልሰሽ ትናንት ያቃተሽን ያንኑ ጥያቄ ሥሪው። እኔን ማመን የለብሽም። ሂጂና ሞክሪው።