ድብዳቡ ሲነሳ

አንድ ሰው ፈረስ ነበረው። ፈረስ ለፈረሰኛ አገር ሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከልጅ አይተናነስም።

ሰውየው ቢተው ይባላል። ፈረሱ ዳማ ነው፤ አጭር፣ ደንዳና። እናቱ ስትሞትበት በላም ወተት ያሳደገችው የቢተው ሚስት አንጓች ናት። ታዲያ ይህ ፈረስ አንድ ቀን ቆመ። ቢተው ወጣበት፤ አልሄድም አለ። በእርካብ ጎሰመው፤ አልሄድም። በአለንጋ ሸነቆጠው፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥ አድርጎ አልሄድም!

ወርዶ ልጓሙን ይዞ ሲስበውስ? ይከተለዋል። ተመልሶ ሲወጣበት ይቆማል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሲስቡት የሚሄድ፣ ሲቀመጡበት የሚቆም ፈረስ ምን እያለ ነው? ሕፃን ልጅ እንኳ ይገባዋል። ቢተው ግን አልገባውም። ለምን? ሰፈሩ በሙሉ እያየው ነበራ! የፈረሰኞች በዓል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እሱ ደግሞ ከፊት የሚጋልብ ሰው ነው። «ንቆኝ ነው» አለ። ፈረስ የናቀው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«አንተ ሰውየ፣ ይኸ ፈረስ አንድ ነገር ሆኗል» አለችው አንጓች።

«ጥጋብ ነው የሆነው!»

«ዳማዬ ጥጋብ አያውቅም። ተው፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አትምታው።»

«ነገ ገበያ አውጥቼ ለጋሪ እሸጠዋለሁ፤ ያኔ ይወጣለታል።»

አንጓች አለቀሰች። ጋሪ የገባ ፈረስ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ታውቃለች።

በነጋታው ገበያ ላይ ሙጬ የሚባል ጋሪ ነጂ መጣ። የፈረሱን ጥርስ አየ፣ ሰኮናውን አነሳ፣ ኮርቻውን ፈታ። ከኮርቻው ስር ድብዳቡ አለ፤ ያ ወፍራም ጨርቅ። ቢተው ብርዱ ከገባ ጀምሮ ድብዳቡን አንስቶለት አያውቅም፤ እንዳይበርደው ብሎ! ማታ ኮርቻውን ብቻ ያወርዳል፣ ጠዋት በላዩ መልሶ ይጭናል።

«እሱን ተወው» አለ ቢተው።

«ጀርባ ሳላይ ፈረስ ገዝቼ አላውቅም» ብሎ ሙጬ ጨርቁን ሳብ አደረገው። አልነሳ አለ። ተጣብቋል። ውሃ አስመጥቶ እያራሰ ቀስ ብሎ ሲያነሳው... ኧረ እግዚኦ!

ቆዳ የለም። መዳፍ የሚያህል ሥጋ ተገልጦ መግል ቋጥሯል፤ ከመሃሉ ነጭ ነገር ይታያል። አጥንት ነው፣ ወገኖቼ፣ አጥንት! ገበያተኛው አፉን ይዞ ቀረ። ፈረሱ አልተራገጠም። ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«አያ ቢተው፣ በዚህ ላይ ነው ስትቀመጥ የከረምኸው?» አለ ሙጬ። «እኔን ሰው ጨካኝ ይለኛል። ይኸን ግን እኔ እንኳ ጋሪ አላስጎትተውም።»

ቢተው አለንጋውን ከእጁ ጣለ። ትናንት ስንት ጊዜ እንደመታው ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም። «አሞት ነው ለካ! እኔ ጌታው ሆኜ!» እያለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሬት ላይ ዘጭ አለ። ከዚያ ዳማን እየሳበ በእግሩ ወደ አንጓች መለሰው። በበዓሉ ቀን ጓደኞቹ ሲጋልቡ እሱ በረት ውስጥ ቁስል በጨው ውሃ ያጥብ ነበር።

ምእመናን፣ ስለ ፈረስ የማወራ መሰላችሁ?

እናንተ አባቶች፣ «ይኸ ልጅ ሰነፈ» ያላችሁት ልጅ ምኑን ታሞ ነው የቆመው? እናንተ እናቶች፣ «ምራቴ ኩርፊያ ትወዳለች» ስትሉ ስንቴ ሰማሁ! ከመዘምራኑ መሃል ድንገት የቀረችው እኅትስ? «ዓለም ወሰዳት» ብለን ጨረስን። ማን ቤቷ ሄደ? ማን? እኔም አልሄድኩም!

እኮ በፍቅር ነው የሸፈንነው። ቢተውም እንዳይበርደው ብሎ ነበር። አልብሰናል፣ አብልተናል፣ አስተምረናል፤ አንድ ቀን ገልጠን ግን አላየንም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ አልሄድም ካላችሁ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። «ምን ነካህ?» አትበሉት፤ እሱ አለንጋ ነው። «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» በሉትና ዝም ብላችሁ ስሙት። የምትሰሙት ያስደነግጣችኋል። ምናልባት ቁስሉ ልክ እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ላይ ነው። ያኔ ምክንያት አትደርድሩ። መጀመሪያ ውረዱለት።