የትርንጎ አፍ የማን ነው?

እህ፣ መጣችሁ? ተጠጉ እንግዲህ፣ አትጋፉ። አንቺ፣ የወንድምሽን ጆሮ ልቀቂ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ትርንጎ አፍ ነው። መሐል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ አቆማለሁ፤ ታውቁኛላችሁ።

በድሮ ዘመን ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ ሁለት መንደሮች ነበሩ። የላይኞቹ መልካቸው ቀይ ነው፤ ገብስ ይዘራሉ፤ ኩሩዎች ናቸው። የታችኞቹ መልካቸው ጥቁር ነው፤ አያቶቻቸው ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ግመል ይጭናሉ፤ እነሱም ኩሩዎች ናቸው። በኩራት እንኳ አይበላለጡም ነበር።

ከላይኞቹ አመለ የምትባል ሴት ከታችኞቹ ነስሩ የሚባል ሰው አገባች። ምን ይደረግ፣ ተዋደዱ! ትርንጎን ወለዱ። ትርንጎ የአባቷ ከንፈር፣ የእናቷ ዓይን አላት። ጸጉሯ ከሁለቱም አልሆነም፤ እንደፈለገው ይቆማል። በሁለቱም ቋንቋ ታወራለች፤ ሲያናድዷት በሁለቱም ትሳደባለች። ከሁሉም በላይ ግን ድምፅ ነበራት።

ደቦ ታውቃላችሁ አይደል? ሰው ተጠራርቶ የአንዱን ሥራ በአንድ ቀን ይጨርስለታል። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ መቆፈሪያው በዘፈኑ ይነሣል፣ በዘፈኑ ይወድቃል። ትርንጎ ስታወጣ ሽማግሌው እንኳ የወገቡን ሕመም ይረሳል።

ታዲያ ላይኞቹ አረም ሲያርሙ «ትርንጎ ልጃችን፣ ነይ እንጂ!» ይላሉ። ትሄዳለች። ታችኞቹ ድንጋይ ሲያግዙ «ትርንጎ ልጃችን፣ ነይ እንጂ!» ይላሉ። ትሄዳለች። ሁለቱም በአንድ ቀን ሲጠሯት ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት እዚያ ትሠራለች። ልጃችን መባሉ ደስ ይላት ነበር፤ ምን ላድርጋት!

ከዚያ ነስሩ ሞተ። በዓመቱ ዝናቡም ቀረ። ምንጩ ቀጠነ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ለአንድ ቤት በቀን አንድ እንስራ» ብለው ወሰኑ። ጠዋት ለላይኞቹ አያ ደምሌ ያስቀዳሉ። ከሰዓት ለታችኞቹ አያ ኑሬ ያስቀዳሉ።

ይኼኔ አመለ በንዳድ ወደቀች። «ውሃ፣ ልጄ» ትላለች። ትርንጎ እንስራዋን አዝላ ሮጠች።

«አያ ደምሌ፣ እባክዎ ይቅዱልኝ፤ እናቴ ታማለች።»

አያ ደምሌ ጢማቸውን አሻሹ። «ልጃችን ነሽ፣ ማን ካደ? እጅሽ የኛ ነው፤ ሲያርም አይቼዋለሁ። አፍሽ ግን፣ እይው እስቲ፣ የአባትሽ ከንፈር ነው። ውሃ የሚጠጣው ደግሞ አፍ ነው። ታችኞቹ ይስጡሽ።»

«እናቴስ? የእርስዎ ሰፈር ልጅ አይደለችም?»

«እሷማ ያገባች ዕለት የነሱ ሆነች።»

ትርንጎ እስከ ከሰዓት ጠብቃ ወደ አያ ኑሬ ሄደች።

«ልጃችን ነሽ፣ ማን ካደ?» አሉ አያ ኑሬ። «እግርሽ የኛ ነው። ጀርባሽ የኛ ነው፤ ድንጋይ ሲሸከም አይቼዋለሁ። አፍሽ ግን ጡት የጠባው ከላይኛዋ ሴት ነው። እሷ ደግሞ ባሏ ሞቷል፤ ወደ ዘመዶቿ ትመለስ። ላይኞቹ ይስጡሽ።»

በመጀመሪያው ቀን እንስራው ባዶውን ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ባዶውን ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ባዶውን ተመለሰ። ትርንጎ ከምንጩ ዳር ያለውን ጭቃ በነጠላዋ ጫፍ እየጨመቀች የእናቷን ከንፈር ታርስ ነበር። በሦስተኛው ቀን አመለ መናገር አቆመች። ትርንጎ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ለእናቷ ነው፣ ለራሷም ነው። እጅ አላት፣ እግር አላት፣ ጀርባ አላት። አፏን ግን የሚፈልገው ጠፋ።

በአራተኛው ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? ከገደሉ ትልቅ ቋጥኝ ተንዶ የምንጩ ዓይን ላይ ቁጭ! ውሃው ቀጥ አለ።

ጩኸቱን እንዳትጠይቁኝ። ላይኞቹ ገመድ ይዘው ወረዱ፤ ታችኞቹ ገመድ ይዘው ወጡ። ላይኞቹ በራሳቸው ዘፈን ጎተቱ። ታችኞቹ በራሳቸው ዘፈን ጎተቱ። እነዚያ ሲስቡ እነዚህ ይተነፍሳሉ፣ እነዚህ ሲስቡ እነዚያ ይተነፍሳሉ። ቋጥኙ እቴ! ንቅንቅ አላለም።

«ትርንጎን ጥሩ!» አለ አንዱ። ሁለቱንም ዘፈን የምታውቅ እሷ ብቻ ናታ!

ትርንጎ መጣች። ገመዱን ያዘች። እግሯን ተከለች። አፏን ግን ገጠመች።

አያ ደምሌ «አውጪልን እንጂ፣ ልጃችን!» አሉ። ዝም።

አያ ኑሬ «አውጪልን እንጂ፣ የነስሩ ልጅ!» አሉ። ዝም።

ሕዝቡ በሙሉ «አውጪልን!» አለ። ይኼኔ ትርንጎ ቀና አለች።

«በማን አፍ? እጄ የላይኞቹ ነው፤ ይኸው ገመዱን ይዟል። እግሬና ጀርባዬ የታችኞቹ ናቸው፤ ይኸው ቆመዋል። አፌን ግን አያ ደምሌ የታችኞቹ ነው አሉ፤ አያ ኑሬ የላይኞቹ ነው አሉ። እኔ የሰው ዕቃ ሳላስፈቅድ አልነካም። ባለቤቱ ይምጣና ይዘዘው።»

«የኛ ነው!» አሉ አያ ደምሌ።

«ምን ሲደረግ! የኛ ነው እንጂ!» አሉ አያ ኑሬ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲገፉት የነበረውን አፍ ዛሬ በዱላ ሊጣሉበት ነው። አይ ሰው!

«እንግዲያው የሁለታችሁም ነው» አለች ትርንጎ። «የሁለታችሁም ከሆነ ሲዘፍንም የናንተ ነው፣ ሲጠማውም የናንተ ነው። የእናቴም አፍ እንደዚሁ። ማን ይመሰክራል?»

«እኛ!» አለ ሕዝቡ። ውሃ የጠማው ሰው ለመመስከር አይሰንፍም።

ትርንጎ አወጣች። አንዱን ስንኝ በእናቷ ቋንቋ፣ አንዱን በአባቷ ቋንቋ፤ «ሳብ!» የምትለው ግን ለሁሉም እኩል ነው። አንድ ጊዜ ሳቡ፣ ቋጥኙ ተነቃነቀ። ሁለተኛ ሳቡ፣ ዘመመ። ሦስተኛ ሳቡ፣ ተንከባሎ ገደል ገባ! ውሃው ፊታቸው ላይ ፈነዳ።

መጀመሪያ የተሞላው የትርንጎ እንስራ ነው። እሷ ግን አላነሣችውም።

«አያ ደምሌ፣ ጀርባዬ ሦስት ቀን ባዶ እንስራ ሲያመላልስ ደክሟል። ዛሬ የእርስዎን ያውሱኝ።»

በዚያ አገር ወንድ ልጅ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ውሃ አይሸከምም። አያ ደምሌ ግራ ቀኙን አዩ፤ የሚያስጥላቸው አላገኙም። አጎነበሱ። አያ ኑሬ ቀስ ብለው ሊሸሹ ሲሉ «እርስዎም ከኋላ ይደግፉ እንጂ፤ ይፈስሳል!» አለቻቸው። ሕፃናቱ እየሳቁ ተከተሉ።

ጎጆው ደረሱ። ትርንጎ የእናቷን ራስ ደግፋ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቻት። አመለ ዓይኗን ገለጠች። ሁለት ሽማግሌዎች ልብሳቸው ርሶ በሯ ላይ ቆመዋል።

«እናንተ እነማን ናችሁ?» አለች።

«ውሃ ቀጂዎች ነን» አሉ አያ ደምሌ እያለከለኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች አመለ። «ነገም አትቅሩ።»

አልቀሩም! ዝናቡ እስኪመጣ አንድ ቀን አያ ደምሌ፣ አንድ ቀን አያ ኑሬ ተሸከሙ። አመለም ዳነች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰው እንደ ዳቦ አይቆረስም። የሰውን እጅ የፈለገ ከነአፉ ይቀበለው።

በሉ፣ የኔም አፍ ደረቀ። ያንን ቅል ወዲህ በሉኝ። የፈለገው ልጅ ያቀብለኝ፤ ብቻ ሙሉውን!