ጠባሳ የሌለው ፎቶ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። እጁ የተባረከ ነው፤ «እምቢ» ማለት ግን አያውቅበትም።

አንድ ዘፋኝ አዲስ አልበም ሊያወጣ ሆነና አደባባይ ላይ ለሚሰቀል ቢልቦርድ ፎቶ አንሣኝ አለው። ፎቶ አንሺው ቀኑን ሙሉ ሲያነሣው ዋለ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ልቡ አንዲቱ ላይ ቀረ። ዘፋኙ ክራሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ እናቱ ከአገር ቤት ደውለውለት፣ ከት ብሎ ሲስቅ የተነሣት ናት። ግራ ጉንጩ ላይ ያለችው የእሳት ጠባሳ አብራው የምትስቅ ትመስላለች። ለአልበሙ ስም በአንድ በኩል ቦታ ትቶ፣ ፊቱን አጉልቶ አቀናበራትና አሳየው።

ዘፋኙ ገና ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ሰውዬ፣ ልታዋርደኝ ነው እንዴ? ሌላ ምረጥ፤ ጠባሳውንም አጥፋልኝ። የቀሩትን በሙሉ ደምስስ፤ አንዷ እንኳ እንዳትወጣብኝ!»

ፎቶ አንሺው ልክ እንዳልሆነ ሆዱ ያውቃል። ነገር ግን ሰው ላለማስቀየም «እሺ» አለ። አዬ! ይቺ «ሰው ላለማስቀየም» የምትባል ነገር ስንቱን ጉድ ሠራችው! ሌላ ፎቶ መርጦ ጉንጩን ልሙጥ አደረገው። የቀሩትን አንድ በአንድ ደመሰሰ። የሳቁ ፎቶ ላይ ሲደርስ አንዴ አጉልቶ አያትና ደመሰሳት። ዘፋኙም አገር ቤት ወርዶ እናቱ ጋ የነበረችውን፣ ጠባሳው የሚታይባትን አንድያ ፎቶውን «አሳምሬ አመጣልሻለሁ» ብሎ ወስዶ ቀደዳት።

ቢልቦርዱ ተሰቀለ፤ ያየው ሁሉ ወደደው። በሁለተኛው ሳምንት የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ዘፋኙ ሞተ።

እናትየው ለልቅሶው ከገጠር መጡ። ሙሾ ሲያወርዱ የሚይዙት ፎቶ ቢያጡ ፎቶ አንሺው ዘንድ ሄዱ። እሱም ያለችውን፣ የቢልቦርዷን፣ አትሞ ሰጣቸው። አዩዋት። በጣታቸው ጉንጩን ዳሰሱ።

«ይሄ ማነው፣ ልጄ?»

«የእርስዎ ልጅ ነው እኮ፣ እማማ።»

«ኧረ አይደለም! የኔ ልጅ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ምድጃ ላይ የወደቀብኝ ነው። ያቺን ጠባሳ እየሳምሁ ነው ያሳደግሁት። በፈጠረህ፣ የኔን ልጅ ስጠኝ!»

ምን ይስጣቸው? እሳቸው ደጁ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ በረበረ። የለም። ወጥቶ «የለም፣ እማማ» ማለት አቃተው። ሲመሽባቸው ራሳቸው ተነሥተው ሄዱ።

በልቅሶው ቀን ሰው ሁሉ የቢልቦርዱን ፎቶ ይዞ ደረቱን ሲመታ፣ እናትየው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው «ልጄን የት አደረሳችሁት?» ሲሉ ዋሉ። ፎቶ አንሺው ከሰው ኋላ ቆሞ ሰማቸው። ከዚያ ወዲያ ካሜራ አልጨበጠም። ባይጨብጥስ ምን ሊፈይድ!

እህሳ፣ ይትባረክ፣ «ወዳጄ መስማት የሚወደውን ብቻ ብነግረው ምን ክፋት አለው?» ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ። ይኸው ነው። ዘፋኙ የፈለገውን አግኝቷል፤ እናትየውን ግን የጠየቃቸው የለም። አንተም በ«እሺ»ህ የወዳጅህን ጠባሳ ስትፍቅ ትኖርና፣ አንድ ቀን የሚወዱት ሰዎች እሱን ፍለጋ ደጅህ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ምን ትሰጣቸዋለህ?