የጨፌ ሰፈር ቦኖ ማስታወቂያ

ተረት ተረት! የሰማ ይምጣ፣ ያልሰማም አለመስማቱን ይንገረን።

ምንተስኖት የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሥራው ለሕዝብ ማስታወቂያ ማውጣት ነው። የጨፌ ሰፈር የውሃ ቦኖ ለመንገድ ሊነቀል ሲታሰብ፣ «ኑና ተወያዩ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ለጠፈ። የቢሮ ጓደኞቹ አውራ ጣት ደረደሩለት። በስብሰባው ቀን ግን ወንበር እንጂ ሰው አልነበረም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን እንደ ፊርማ ቆጠረውና ሕዝቡ ተስማምቷል አለ።

በማግስቱ የቦኖው ጠባቂ እማማ ድንቅነሽ መንገድ ላይ አገኙት። «ልጄ፣ ስለ ቦኖው መቼ ነው የምትጠይቁን?» አሉት። በልጅነቱ ጀሪካኑን ያለ ወረፋ የሚሞሉለት እሳቸው ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በቅርቡ ብሎ አለፈ።

አለቃውን ለምኖ ሌላ ስብሰባ አስፈቀደ፤ ቅዳሜ ሰው ካልመጣ ግን ቦኖው ይነቀላል። ምኞቱ ትንሽ ነበረች፦ የእማማ ድንቅነሽን ዓይን ሳያይ ማስታወቂያው ይድረስለት።

ማስታወቂያውን ድረስልኝ አለው። ማስታወቂያው፣ ስልክ ካልከፈተኝ አልደርስም አለ።

የሰፈሩን ስልክ ክፈተው አለው። ስልኩ፣ መብራት ካልሞላኝ አልከፍትም አለ። ስልኩ አይከፍት፣ ማስታወቂያው አይደርስ፣ ምንተስኖትን ሀፍረቱ አይለቀው።

መብራቱን ሙላው አለው። ምሰሶው ከወደቀ ሰንብቷልና መብራቱ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ካልጠየቀኝ አልመጣም አለ። መብራቱ አይመጣ፣ ስልኩ አይከፍት፣ ማስታወቂያው አይደርስ፣ ምንተስኖትን ሀፍረቱ አይለቀው።

ሰፈሩን ከሩቅ ቆሞ ተሰብሰብ አለው። ሰፈሩ፣ የዕድር ጥሩምባ ካልጠራኝ አልሰበሰብም አለ። ሰፈሩ አይሰበሰብ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ስልኩ አይከፍት፣ ማስታወቂያው አይደርስ፣ ምንተስኖትን ሀፍረቱ አይለቀው።

ጥሩምባ ነፊው ጋሽ ተረፈ ዘንድ ሄደ። ጥሩምባ የሚነፋው ለሞት ነው አሉት። ቦኖው ሊሞት ነው አላቸው። ጋሽ ተረፈ አልሳቁም። «ባለ ሐዘኑ ሳይረዳ ጥሩምባ አይነፋም። ለድንቅነሽ ነግረሃታል?»

ጥሩምባው አይነፋ፣ ሰፈሩ አይሰበሰብ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ስልኩ አይከፍት፣ ማስታወቂያው አይደርስ፤ ሀፍረቱማ አሁን አንገቱን አስደፋው። እግሩን እየጎተተ ወደ ቦኖው ሄደ።

«እማማ፣ ጠይቀናችሁ ነበር፤ እናንተ በማትሰሙበት ቦታ። ዝም አሉ ብለን ቦኖውን ልንነቅለው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እማማ ድንቅነሽ ቧንቧውን ዘግተው ትክ ብለው አዩት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ጠየቁት።

እማማ ለጋሽ ተረፈ ነገሩ፣ ጋሽ ተረፈ ጥሩምባውን ነፉ፣ ጥሩምባው ሰፈሩን ጠራ፣ ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ ተሰበሰበ። መንገዱ ትንሽ ይዙር፣ ቦኖው ይቆይ ተባለ። ሰፈሩ በዚያው መብራቱን ጠየቀ፣ መብራቱ መጣ፣ ስልኩን ሞላ፣ ስልኩ ከፈተ፣ ማስታወቂያውም ደረሰ፦ የፊታችን ቅዳሜ ኑና ተወያዩ። ዕለቱ ግን ከቅዳሜው ስብሰባ በኋላ ያለው ማክሰኞ ነበር።

እማማ ድንቅነሽ አስነብበው ሰሙና ሳቁ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትዞር፣ ቦኖው እኮ ከቢሮህ በር ፊት ለፊት ነው።»

ምንተስኖት ጀሪካኑን አንሥቶ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆመ።

ተረቴን ለጎረቤት በአፍ ንገሩ፤ እኔንም ከቦኖው አጠጡኝ።