እሜቴ ኤሊ አፏን የዘጋች ጊዜ

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ውሸት ነው የሚል ካለ መጥቶ ኤሊዋን ይጠይቅ።

አዳማ ውስጥ፣ ብዙ ቤት በአንድ በር በሚገባበት ግቢ፣ ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ልጆቿ ሁሉ ተድረው ወጥተዋል፤ ቤት የቀረቻት አንዲት ኤሊ ናት፤ ስሟም እሜቴ። ይቺ እሜቴ ሳንባዋን ታማ፣ አፍንጫዋ ሲዝረበረብ ከረመና የከብት ሐኪሙ መርፌ ወግቶ ወግቶ አዳናት። ዳነች፤ ግን አፏን ዘጋች። ጎመን ቢሰጧት ዞር፣ ሰላጣ ቢሰጧት ዞር፣ ቲማቲም ቢያቀርቡላት አንገቷን ስብስብ።

ሐኪሙ፣ «መድኃኒቱ የራሱን ሠርቷል» አለ። «አሁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትዘፍዘፍ፣ የጠዋት ፀሐይ ትሙቅ። ሰውነቷ ሲሞቅ ሆዷ ይነቃል። ካልበላች ግን፣ እማማ፣ ያ ሁሉ መርፌ ከንቱ ነው፤ ትሞትብዎታለች።»

ትርንጎ የፈለገችው እንግዲህ ይህንኑ ነው፦ እሜቴ አንዲት ጉርሻ እንድትበላ። ሌላ ምን አለች?

ለብ ያለውን ውሃ በሳፋ አድርጋ ዘፈዘፈቻት። ከዚያ አቅፋት ፀሐይ ፍለጋ ወጣች። ከጎን የበቀለው ፎቅ የግቢውን ፀሐይ ውጦ፣ የቀረችው አጥሩ ሥር ያለች አንዲት ቁራጭ ናት። እዚያችም ላይ ሰሌን ተነጥፎ፣ ሰሌኑ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ፣ እንደ ጌታ ተንጋሎ ይሞቃል! ወደ መንገድ ታውጣት እንዳትሉኝ፤ ባጃጁን ማን ይመልሰዋል?

በርበሬው የደብሪቱ ነው። ደብሪቱ ጎህ ሳይቀድ ፀሐይ የምትይዝ ሴት ናት።

«ደብሪቱ! በርበሬሽን አንሺልኝ፣ ነፍስ ላድንበት።»

«ደርቋል እኮ፤ ላነሳውም ነበር። ግን የት ልክተተው? ሙቀጫው እልፍነሽ ቤት ነው። ሙቀጫው ሳይመጣ አላነሳም!»

«ደርቆ ነው የተኛው?»

«ደርቆ ነዋ! ምነው፣ ላንቺ ኤሊ ብዬ ኩሽና ውስጥ ላሻግተው?»

የትርንጎ ደም ፈላ። ሙቀጫው ሳይመጣ በርበሬው አይነሳ፣ በርበሬው ሳይነሳ ፀሐይዋ አትለቀቅ፣ ፀሐይዋ ሳትለቀቅ እሜቴ አትሞቅ፣ እሜቴ ሳትሞቅ አፏን አትከፍት!

እልፍነሽ ደጃፍ ሄደች። ሙቀጫው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እንደሞላ ተገትሯል፤ እልፍነሽ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ታያለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ? ወቅጠሽ አትመልሺም?»

«በምን ልውቀጠው እትዬ ትርንጎ፣ በክርኔ? ዘነዘናውን አቶ ጥጋቡ ወስዶ ለፍየሉ በር መቀርቀሪያ አድርጎታል። ዘነዘናው ሳይመጣ ሙቀጫው ከዚህ አይነቃነቅም!»

ትርንጎ አናቷ ጋለ። ዘነዘናው ሳይነቀል ሙቀጫው አይመጣ፣ ሙቀጫው ሳይመጣ በርበሬው አይነሳ፣ በርበሬው ሳይነሳ ፀሐይዋ አትለቀቅ፣ ፀሐይዋ ሳትለቀቅ እሜቴ አትሞቅ፣ እሜቴ ሳትሞቅ አፏን አትከፍት!

ወደ አቶ ጥጋቡ ሄደች። እውነትም ያን የሚያህል ዘነዘና በፍየሏ በር ላይ ተጋድሟል።

«አቶ ጥጋቡ፣ ዘነዘና ለሙቀጫ ነው ለፍየል?»

«በሩ ተገንጥሎብኝ ነው እንጂ ጠግቤ መሰለሽ? አሁን ብነቅለው ወጥታ የእልፍነሽን ነጠላ ብትበላ እኔው ልሰደብ! በሩ ሳይጠገን ንክች አላደርገውም!»

ፍየሏም ከውስጥ «ሜእእእ» አለች። ትርንጎ ይህን እንደ አሽሙር ቆጠረችው፤ አልተሳሳተችም።

«እናስ የግቢያችን አናጢ የት ሄደ?»

«ጋሽ ወንድይፍራው? አኩርፏል። በምን እንዳኮረፈ የጠየቀው የለም።»

እሜቴን በብብቷ እንደያዘች ወደ ግቢው ጥግ ገሰገሰች። ጋሽ ወንድይፍራው መዶሻውን ሰቅሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ እያየ ተቀምጧል።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ የፍየሏን በር ይጠግኑልን!»

«አልጠግንም!»

እዚህ ላይ ትርንጎ ጮኸች። «ምን ጉድ ነው! አናጢው ሳይነሳ በሩ አይጠገን፣ በሩ ሳይጠገን ዘነዘናው አይነቀል፣ ዘነዘናው ሳይነቀል ሙቀጫው አይመጣ፣ ሙቀጫው ሳይመጣ በርበሬው አይነሳ፣ በርበሬው ሳይነሳ ፀሐይዋ አትለቀቅ፣ ፀሐይዋ ሳትለቀቅ እሜቴ አትሞቅ፣ እሜቴ ሳትሞቅ አፏን አትከፍት! ለአንዲት ጉርሻ? ክርስቲያን አይደላችሁም?»

ጋሽ ወንድይፍራው ከእሷ ብሶ ተነሳ። «እኔ ላይ ነው የምትጮሂው? በግቢው የታመመ ኖሮ እኔ ከውጭ ሰው ልስማ? ሐኪም ዘንድ ስትመላለሺ ደጄን እያለፍሽ ነው! ሰው አይደለሁም? ታማሚ አልጠይቅም?»

«ጋሼ፣ ኤሊ እኮ ናት።»

«ብትሆንስ! ጎረቤት አይደለችም? ብትሞት ኖሮ ቀብሯንም ከባጃጅ ነጂ ልሰማ ነበር!»

ኩርፊያው ይህ ነበር ለካ! የትርንጎ ንዴት አልበረደም፤ ግን ሳይነገረው የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን እሷም ታውቃለች። ወጣች። በሩን ዘጋች። ነጠላዋን አስተካከለች። አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ትርንጎ። ጋሽ ወንድይፍራው፣ ይስሙልኝ፤ እሜቴ ታማብኛለች።»

«ውይ! ውይ በሞትኩት! መቼ?» አለ፣ ምንም ያልሰማ ይመስል። «ምኗን? አገግማለች? አይ፣ ዛሬ ነገ ሳልል መጠየቅ አለብኝ!»

መዶሻውን አወረደ። ባዶ እጅ ታማሚ አይጠየቅምና ከመደርደሪያው የበሰለች ፓፓያ አንስቶ በብብቱ ያዘ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። አናጢው ተነሳና በሩ ተጠገነ፣ በሩ ተጠገነና ዘነዘናው ተነቀለ፣ ዘነዘናው ተነቀለና ሙቀጫው መጣ፣ ሙቀጫው መጣና በርበሬው ተነሳ፣ በርበሬው ተነሳና ፀሐይዋ ተለቀቀች፣ ፀሐይዋ ተለቀቀችና እሜቴ ሞቀች።

ሰው ሁሉ ከበባት። «እግዜር ይማርሽ» አላት ጥጋቡ፤ ደብሪቱም ፊቷን አዙራ «ይማርሽ» አለች። ጋሽ ወንድይፍራው ፓፓያውን ሰንጥቆ አንዲት ቁራጭ አቀረበላት። የእሜቴ አንገት ቀስ ብላ ወጣች። አሸተተች። አንዴ ግምጥ!

ትርንጎ እልል ትላለች ብለን ስንጠብቅ ወገቧን ይዛ ተቆጣች። «አንቺ ደግሞ! ለአንዲት ጉርሻ ይህን ሁሉ ሰው ልለምን? ደብሪቱን ልለምን? ፍየል ታሹፍብኝ?»

እሜቴ አልመለሰችላትም። አፏ ሙሉ ነበር።

ነገሬ ይኸው ነው። የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ፤ ሳይነገረኝ ቀረ ብሎ እንዳያኮርፍ።