ጣሪያዋ የማይከፈት መኪና

ተረት ተረት ስላችሁ «የመኪና በረት» በሉኝ፤ ላሟማ ድሮ ተሸጣለች።

ሰንዳፋ ላይ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ቤቷ ከአስፋልቱ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ፤ ታክሲ አይወጣውም፣ ባጃጅ ይገለበጥበታል። እናቷ እማማ ማንያህልሽ አብረዋት ይኖራሉ። ጉልበታቸው እንቢ ብሏቸዋል፣ ዓይናቸውን ደግሞ ግፊት ይዞታል። የአዲስ አበባው ሐኪም በየሳምንቱ አምጪያቸው ብሏታል። ከዘገየ ብርሃናቸው ይሄዳል፣ የሄደውን ደግሞ እኔ አልመልሰውም ብሏታል።

እንግዲህ የትርንጎ ፍላጎት ይቺው ናት፦ ዳገቱን የምትወጣ ከፍ ያለች የቤተሰብ መኪና። ሻጩ ግቢ ሁለት ቆመዋል። አንዷ ፉል ኦፕሽን ናት፤ ወንበሯ ቆዳ፣ ጣሪያዋ ሲነኩት የሚከፈት። ሌላዋ ስታንዳርድ ናት፤ ወንበሯ ጨርቅ፣ ጣሪያዋ ጣሪያ። ሞተራቸው አንድ ነው፣ ጎማቸው አንድ ነው፣ ዳገት አወጣጣቸውም አንድ ነው። ባልና ሚስት የያዙት ገንዘብ ስታንዳርዷን ዛሬውኑ ያመጣል፤ ፉሏን ካሉ ግን ዓመት መጠበቅ ነው።

ትርንጎ ባሏን ባዩን፣ «ስታንዳርዷን ፈርምልኝ፣ እማዬን ላድርሳት» አለችው።

ባዩ ክፉ ሰው አይደለም። በእነሱ ዘር ግን ታላቅ ሳይመርቅ በግ እንኳ ተጎትቶ ግቢ አይገባም። ወንድሜ ጋሽ ደምሴ ካልመረቀ አልፈርምም አለ።

ባዩ አልፈርም አለ፣ መኪናዋ አልመጣ አለች፣ እማማ ማንያህልሽ ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ትርንጎ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄደች። ጋሽ ደምሴ ክፍለ ሀገር ወርዷል ተባለች፤ ተመልሶ እስኪመጣ ወር ሞላ። በዚያ ወር እማማ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው። ጋሽ ደምሴ ሲመጣ ሳቀባት። ባዶዋን ነው እንዴ የምትገዙት፣ ወንበሯ የአውቶቡስ ወንበር አይደለም እንዴ አላት። ሳቁን ሲጨርስ ደግሞ ቁም ነገሩን አወጣው፤ መኪናዋ ገና ሳትገዛ ለልጁ ለሜላት ሰርግ አጀብ ተቆጥራለች! ቆጣሪዋ ሚስቱ እትዬ አስካለ ናት፤ አስካለ ካልፈቀደች አልመርቅም አለ።

ጋሽ ደምሴ አልመርቅ አለ፣ ባዩ አልፈርም አለ፣ መኪናዋ አልመጣ አለች፣ እማማ ማንያህልሽ ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ትርንጎ ወደ እትዬ አስካለ ሄደች። እትዬ አስካለ የማኅበር ተራዋ ደርሶ ድግስ ላይ ናት፤ ከድግሱ በኋላ ድካሙ፣ ከድካሙ በኋላ የሰርጉ ጥሪ ወረቀት። በዚያ ወር እማማ ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩን እየተዉ ምስሩን ጣሉ፤ የቤቱ ልጆች ሳቁ፣ ትርንጎ አልሳቀችም። አስካለ በመጨረሻ ተቀመጠችና፣ እኔስ ምን ቸገረኝ፣ መኪና መኪና ነው፣ ግን ሰርጉ የሜላት ነው፣ ሙሽራዋ ካልተወች እኔ አልፈቅድም አለች።

እትዬ አስካለ አልፈቅድ አለች፣ ጋሽ ደምሴ አልመርቅ አለ፣ ባዩ አልፈርም አለ፣ መኪናዋ አልመጣ አለች፣ እማማ ማንያህልሽ ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ትርንጎ ወደ ሜላት ሄደች። ሜላት ዛሬ ቬሎ ልትለካ፣ ነገ ጫማ ልትመርጥ፣ ከነገ ወዲያ ሚዜዎቿ ተጣልተውባት ልታስታርቅ። በዚያ ወር እማማ ሰውን በእግሩ ኮቴ መለየት ጀመሩ። «ይሄ ባዩ ነው፣ ይቺ ጎረቤቷ ናት» ይላሉ፤ ሰዉም ጎበዝ ይላቸዋል። ሜላት ስትገኝ ነገሩን ለትርንጎ አስረዳቻት። ቪዲዮ ቀራጩ ፊሊጶስ አጀቡን በምትመራዋ በእናንተ መኪና ጣሪያ እስከ ወገቡ ወጥቶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ሙሽሮቹን ይቀርጻል፤ የሰው ሰርግ ሁሉ የተቀረጸው እንደዚያ ነው። ጣሪያዋ ካልተከፈተ ፊሊጶስ አልቀርጽም ይለኛል፤ እሱ እሺ ካላለ አልተውም አለች።

ሜላት አልተው አለች፣ እትዬ አስካለ አልፈቅድ አለች፣ ጋሽ ደምሴ አልመርቅ አለ፣ ባዩ አልፈርም አለ፣ መኪናዋ አልመጣ አለች፣ እማማ ማንያህልሽ ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ፀሐይ ወጥታ እንደሆነም ይጠይቃሉ፤ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነው።

ትርንጎ ወደ ቪዲዮ ቀራጩ ወደ ፊሊጶስ ሄደች። እሱም የሰርግ ወቅት ነውና ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ ነገ ቢሾፍቱ ሆነባት፤ ሌላ ወር ሄደ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ልትለምነው፣ ካስፈለገም እግሩ ላይ ልትወድቅ ነው የመጣችው።

ፊሊጶስ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አሳያት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠባሳ ነው።

«ከጣሪያ መውጣት ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። የመብራት ሽቦ ነው እንዲህ የሰነጠቀኝ። አሁን የኋላ በሯን ከፍቼ፣ ዕቃ መጫኛዋ ላይ ተቀምጬ ነው የምቀርጸው። ማንኛዋም ከፍ ያለች መኪና ትሆነኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?» አለችው ትርንጎ።

«ማን ጠየቀኝ?» አላት።

እውነቱን ነው። አራት ወር ሙሉ ያልተጠየቀ ሰው የለም፣ እሱን የጠየቀው ግን የለም።

እዚያው ቆሞ ለሜላት ደወለላት። ፊሊጶስ እቀርጻለሁ አለ፣ ሜላት ተውኩት አለች፣ እትዬ አስካለ ፈቀድኩ አለች፣ ጋሽ ደምሴ መረቅኩ አለ፣ ባዩ ፈረመ፣ መኪናዋም ድንጋዩን እየረገጠች ዳገቱን ወጣች። ይሄ ሁሉ ከሰኞ እስከ ሐሙስ! ደግሞ ሁሉም በየተራው ደውሎ፣ እኔ እኮ መጀመሪያም አልከለከልኩም አላት።

አርብ እማማ ማንያህልሽን ደግፈው ፊት ወንበር አስቀመጧቸው። አዲስ አበባ ደረሱ። ሐኪሙ ባትሪውን አንዱ ዓይናቸው ላይ አበራ፣ ሌላው ላይ አበራ፣ አጠፋው። ከዚያ በትሕትና፣ «ከእንግዲህ በየሳምንቱ መምጣት አያስፈልግዎትም» አላቸው። እማማ ተሻለዎት የተባሉ መስሏቸው መረቁት፤ ረጅም ምርቃት። ትርንጎ አሜን ማለት አቃታት።

ሲወጡ እማማ በእጃቸው የመኪናዋን በር ዳበሱት።

«ቀለሟ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ናት፣ እማዬ።»

«ነጭ ጥሩ ነው፤ ከሩቅ ይታያል» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው።

ተረቴ ይኸው አለቀ። ዳቦውን ለእኔ አትስጡኝ፣ ለእማማ ማንያህልሽ ስጡልኝ። ፊታቸው አታስቀምጡት፤ እጃቸው ላይ አኑሩላቸው።