የቀበሮ ታብሌትና የአህይት ምሥጢር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ፊደል በቆጠሩበት ጫካ ውስጥ፣ አንዲት እርጉዝ አህይት ትኖር ነበር። ማርገዟን ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለባሏ እንኳ አልነገረችውም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለውን እሷ በጆሮዋ ሰምታ ብቻ ሳይሆን በዓይኗም አይታዋለች። ዓምና የወለደችውን ውርንጭላ አያ ጅቦ ከጉያዋ ነጥቆ ሲሮጥ፣ ባል ተብዬው ኮረብታ ላይ ቆሞ ከማናፋት በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አህይት ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ትበረግጋለች። የዘንድሮው ከመወለዱ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ነበረባት፦ ጅብ የማይደፍረው መውለጃ የት ነው?

ይህን የሚናገር መጽሐፍ እንዳለ ታውቃለች። የጫካው መጻሕፍት በትልቁ ዋርካ ሥር ተደርድረው ጋሽ ኤሊ ይጠብቃቸዋል። ታዲያ መጻሕፍቱ ከባድ ናቸው፤ ግማሾቹንም ምስጥ ቀምሷቸዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የጋሽ ኤሊ ጆሮ አለመስማቱ ነው። በቀደም ሚዳቋ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ መጽሐፍ ብትጠይቀው፣ «የምን? የሆድ ድርቀት?» ብሎ ሲጮህ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ማዶ ሰምተው ሲስቁባት ሰነበቱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አህይት «እኔስ ስለ ወሊድ ብጠይቀው አያ ጅቦ ከየት ሆኖ ይሰማኝ ይሆን?» ብላ አሰበች።

እመት ቀበሮ ብቅ ያለችው ይኼኔ ነው። ስስ፣ ጥቁር፣ ሲነኩት ብርሃን የሚተፋ ነገር በአፏ ነክሳ መጣች።

«ታብሌት ይባላል» አለች አራዊቱን ሰብስባ። «ጋሽ ኤሊ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃቸው መጻሕፍት በሙሉ እዚህ ውስጥ ገብተዋል። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ራሱን ይመግባል። ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ አምጥቻለሁ።»

«በምትኩ ምን ልትወስጂብን ነው?» አለ ጃርት። ጃርት ማንንም አያምንም።

«ምንም! እናንተ ብቻ አንብቡልኝ።»

አህይት አራዊቱ ሁሉ እስኪበተኑ ጠብቃ ወደ ቀበሮ ተጠጋች። «እመት ቀበሮ፣ የማነበውን ማን ያያል?»

«ማን ያያል እቴ! አንቺና እሱ ብቻ ናችሁ። ጠያቂ የለ፣ ጩኸት የለ።»

አህይት ታብሌቱን ተቀብላ እየሮጠች ቤቷ ገባች። ስለ እርግዝና ወራት አነበበች፤ ወተት ስለሚያበዛ ሣር አነበበች። ከዚያ ስለ መውለጃ ቦታ የሚያወሳው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ እዚያው ቀረች። በቀይ ገደል ያለው ዋሻ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ደረቅ፣ ነፋስ የማይገባበት ነው ይላል። ደስ አላትና ደገመችው፤ ደግማም ሰለሰችው። ከዓምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቅዠት ተኛች።

ወሩ ገፍቶ ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ወደ ወንዝ ወረደች። በወንዙ ዳር አንበሳ አዋጅ አስነግሯል፤ ውኃ ሲጠጣ የተናከሰ ወዮለት። ስለዚህ ሚዳቋም ነብርም ጎን ለጎን ይጠጣሉ። አያ ጅቦ እየተንከላወሰ መጥቶ ከአህይት አጠገብ ቆመ።

«እንደምን ዋልሽ አህይት! ማርያም በሽልም ታውጣሽ!»

አህይት አፏን ከውኃው አነሣች።

«ምን... ምን አልከኝ አያ ጅቦ?»

«በሽልም ታውጣሽ ነዋ! ምነው፣ ክፉ ተናገርኩ? የቀይ ገደሉን ዋሻ መምረጥሽም ደግ አድርገሻል። ነፋስ አይገባበትም። ነፋስ ለአራስ አይሆንም።» ይህን ብሎ ምራቁን ዋጠ።

አህይት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ለማንም አልተናገረችም። ለባሏ አልነገረችም፤ ለእናቷ አልነገረችም።

«ማን ነገረህ?»

«ቀበሮ ናታ! አንቺ ገጽ በገለጥሽ ቁጥር እሷ ጉድጓድ ውስጥ ባለው ትልቁ ታብሌት ላይ ይታያል። የትኛው ላይ እንደቆየሽ፣ የትኛውን ደጋግመሽ እንዳነበብሽ ሁሉን ታውቃለች። ‹ይህን ያህል የደጋገመችው ቦታ አትቀርም፤ ጭኑ የኔ፣ ሌላው ያንተ› ብላ...» አያ ጅቦ ድንገት አፉን በመዳፉ ያዘ። «ውይ! አትናገር ብላኝ ነበር። በሞቴ አህይት፣ ነገረኝ ብለሽ እንዳታሳጪኝ! ከተቆጣች ድርሻዬን ትቀንስብኛለች።»

የሚታረደውን በግ ቢላዋ ደብቅልኝ ብሎ መለመን ከጅብ በቀር ማን ይችልበታል!

«አልናገርም፣ አያ ጅቦ» አለች አህይት።

እንዴት ቤቷ እንደደረሰች አታውቀውም። ታብሌቱ ከተኛችበት ሣር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ስታነብ የምትፈራው ከደጅ የሚመጣውን ኮሽታ ነበር። ጅቡ ለካ ደጅ አልነበረም፤ ሰኮናዋ ሥር ሆኖ አብሯት ሲያነብ ከርሟል።

መጀመሪያ የታያት ገደል መወርወሩ ነው። ከዚያ ግን «ከወረወርኩት ቀበሮ ታውቃለች፤ ካወቀች ደግሞ ሌላ መላ ታመጣለች» አለችና ተወችው። ያንኑ ምዕራፍ ገለጠች። አሁን የምታነበው ለራሷ አይደለም፤ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለተቀመጠችው ዓይን ነው። አንብባ ስትጨርስ ታብሌቱን በአፏ ይዛ ቀይ ገደል ወጣች፤ ምዕራፉ እንደተገለጠ ዋሻው ጥግ አስቀምጣው ተመለሰች። ገና ቁልቁለቱን ሳትጨርስ ምጥ ጀመራት።

ጉም ጫካውን ሸፍኖታል። በጉም ቀን ጅብ ምሽቱን አይጠብቅም። አህይት እየተደነቃቀፈች ዋርካው ሥር ደረሰችና ጅብ ስለሚፈራው ነገር የሚያወሳውን መጽሐፍ በሰኮናዋ አመለከተች። ጋሽ ኤሊ እንደ ልማዱ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ግን መልሶ ገጠመው። አቧራውን አራግፎ መጽሐፉን ወደ እሷ ገፋ አደረገላትና አንገቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ውስጥ ሰበሰበ።

ገጹ ግማሹ በምስጥ ተበልቷል። የቀረው እንዲህ ይላል፦ «...ቁልቋል ሲሰበር የሚወጣው ወተት ዓይን ያጠፋልና ጅብ አይጠጋውም። ከቀይ ገደል ግርጌ ካለው የቁልቋል ጥሻ መካከል ክፍት ቦታ አለ። ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ በ...» ከዚያ በኋላ ያለው ምስጥ ሆድ ውስጥ ነው። አህይት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ግን ጊዜ አልነበራትም።

ጥሻው ዘንድ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና በእንብርክክ ገባች። እሾሁ ጎኗን ይቧጥጣታል፤ ቅርንጫፍ ቀጭ ባለ ቁጥር «ዓይኔ!» እያለች ፊቷን መሬት ላይ ትደፋለች። በመጨረሻ ከፊቷ ምንም የሚወጋት ነገር አጣች፤ ገብታለች። እዚያው ወደቀች። ምጡ ሲመጣ ጥርሷን ነክሳ ዝም፣ ሲሄድ ትንፋሿን ውጣ ዝም።

ከበላይዋ፣ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ ሰማች።

«ግባ፣ ብርሃኑ ይታይሃል። ገልጣ እያነበበች ነው።» ቀበሮ ናት።

የጅብ ኮቴ ወደ ዋሻው ዘለቀ።

«ቀበሮ! የለችም! ታብሌቱ ብቻውን ነው!»

«እንዴት ትጠፋለች? ምዕራፉ ተገልጧል እኮ! በደንብ ፈልግ!»

«ፈለግሁ። ድንጋይ አለ። አንቺ አለሽ። እኔ አለሁ።»

«አያ ጅቦ፣ ምነው እንዲህ ታየኛለህ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሆድህን ባዶ አድርገህ ጠብቅ ብለሽኝ ነበር።»

«ወዳጅህ አይደለሁም? ስማኝማ፣ እኔ እኮ...»

ቀበሮ ንግግሯን አልጨረሰችም። የተሰማው ጩኸት አጭር ነበር። ውርንጭላው የተወለደው በዚያው ቅጽበት ነው፤ አህይት ድምፅ እንዳያሰማ በአንገቷ ሸፈነችው። ከላይ አጥንት ሲሰበር ይሰማል።

ብዙም ሳይቆይ አያ ጅቦ ቁልቁል ወረደ። በጥሻው ዙሪያ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አሸተተ። የደም ሽታ ይመጣበታል፤ ግን የአህይት ይሁን የገዛ አፉ መለየት ተሳነው። «አህይት! ወዴት ገባሽ?» ብሎ ተጣራ። እንዲህ እንዲህ ቦታ ናት ብሎ የሚነግረው አንድም ፍጡር አልነበረም። ቁልቋሉን ቀና ብሎ አየና ለዓይኑ ፈራ፤ እያጉረመረመ ሄደ። ኮቴው እስኪጠፋ አህይት አልተነፈሰችም። ውርንጭላው ግን ምንም ሳያውቅ ጡቷን ፈልጎ አገኘ።

አህይት ከአራስ ቤት ስትወጣ የሆነውን ሁሉ ለጎረቤቶቿ ነገረች። አብዛኞቹ ታብሌታቸውን ገደል ከተቱት። ጃርት ዓይኑ ስለ ደከመና ታብሌቱ ፊደሉን ስለሚያተልቅለት፣ «እኔ የማነበው ቀልድ ነው፤ ማንም ቢያውቅብኝ ግድ የለኝም» ብሎ አስቀረው። ማንም አልተቆጣውም። አህይት ግን ዋርካው ሥር ተቀምጣ ስታነብ ያገኛት ሁሉ «ምን እያነበብሽ ነው?» ቢላት፣ መጽሐፉን ከድና ዝም ትላለች።

ከዚህ የምንማረው የምናነብበትን ስንመርጥ ለእኛ ምን እንደሚነግረን ብቻ ሳይሆን ስለ እኛ ለማን እንደሚናገርም አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።